አልጮኽም ያለው ቤልጅግ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ እንቅልፍ የመጣበትም ይጋደም፣ ይህቺ ወሬ ተጋድሞም ትሰማለች። እኔ የማወራው እንደሰማሁት ነው። የነገሩኝ ሰዎች ከጨመሩበት እነሱ ይጠየቁ።

ከአንድ ትልቅ ገደል አፍ ላይ ሦስት ቤት ብቻ ያላት ሰፈር ነበረች። በአንደኛው ቤት አያ ጓንጉል የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። ሚስቱ አምና ሞታበት፣ ልጆቹ ቆላ ወርደው፣ የቀረው አንድ ቤልጅግ ጠብመንጃና ከገደሉ ማዶ ያለች አንዲት እህት ነበረች። እህቱ እንጉዳይ ትባላለች። ማዶ ተድራ የሄደች ቀን በበቅሎ ላይ ሆና እያለቀሰች፣ «በየዓመቱ ጳጉሜ አምስት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ጊዜ ተኩስልኝ። ድምፁን ስሰማ ወንድሜ አለ እላለሁ። እኔም እሳት አነድልሃለሁ፣ እሳቱን ስታይ እህቴ አለች በል» አለችው። እሱም እሺ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላጓደለም።

ታዲያ ለምን ሄዶ አይጠይቃትም የሚል ይኖራል። ጉልበቱ እያለ በበጋ በበጋ ይሄድ ነበር። አሁን ጉልበቱ ከዳው። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሻግርም። ጉሙ ገደሉን እስከ አፉ ይሞላና ነጭ ባሕር ይሆናል፤ የሰው ጩኸት እዚያው ይሰጥማል፣ ተሻግሮ የሚሰማ ጠብመንጃ ብቻ ነው። የእንጉዳይም ዓይኗ ደክሟል፣ የቀራት ጆሮዋ ነው። ይባስ ብሎ በበጋው ከማዶ የመጣ ነጋዴ፣ «እህትህን ልቧን ያማታል፤ ክፉ ወሬ አይነገራት ተብሏል» ብሎት አለፈ። እንግዲህ ተኩሱ ከቀረ እንጉዳይ ወንድሜ ሞተ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጣለች፤ ያ የታመመ ልብ ደግሞ ይህን አይችልም። አያ ጓንጉል የፈለገው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ተኩስ።

ጳጉሜ አምስት ጠዋት ቤልጅጉን ከግድግዳው ላይ አወረደ። ይህ ቤልጅግ ጦር ሲበተን የተረፈ አሮጌ ነው። በስንት እጅ እንደዞረ እግዜር ይወቀው፤ ሰደፉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጥርስ ምልክት ሳይቀር አለበት። አያ ጓንጉል መቀርቀሪያውን፣ ያንን ወደ ላይ አንስተው ወደ ኋላ የሚስቡትን ብረት፣ ጨብጦ ሳበ። ንቅንቅ የለም። በመዳፉ መታው። ንቅንቅ የለም። ሰደፉን በጉልበቱ ደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው፤ ወገቡ ቀጭ አለ እንጂ ብረቱስ ምንም አላለ።

«ምን ሆነሃል?» አለው ጠብመንጃውን።

ጠብመንጃ ይናገራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። በሌላው ወር አይናገርም። ጳጉሜ ግን ከአሮጌው ዓመት ወጥታ አዲሱ ውስጥ ገና ያልገባች ናት። በነዚያ አምስት ቀናት ዝም ማለት የሰለቸው ሁሉ ይናገራል፤ ብረቱም፣ ውሃውም፣ እንጨቱም። ሰው በዝናቡ ድምፅ እየተኛ እየነቃ ስለሚውል ልብ አይለውም እንጂ።

«አልጮኽም» አለ ጠብመንጃው። «እኔ ምን አደረግሁ? መቀርቀሪያው አልከፈትም አለ።»

«አልከፈትም» አለ መቀርቀሪያውም። «እኔ ምን አደረግሁ? ጥፍሩን ጠይቀው።»

ጥፍር የሚባለው ደግሞ የት እንዳለ አያ ጓንጉል አያውቅም። አርባ ዓመት ሲተኩስ ጠብመንጃ ጥፍር እንዳለው ሰምቶ አያውቅም ነበር። ቤልጅጉን በጋቢው ጠቅልሎ አቅፎ ወጣ። እንጉዳይ ማዶ ትጠብቃለች። ጠብመንጃው አልጮኽም አለ። መቀርቀሪያው አልከፈትም አለ። አያ ጓንጉልም በጉሙ ውስጥ፣ እግሩ የሚረግጠውን ሳያይ፣ ወደ ባለእጁ ወደ ጫኔ ቤት ወረደ።

ጫኔ የሰፈሩ ባለእጅ ነው። ማረሻም ይሠራል፣ መጥረቢያም ይሠራል፣ የታመመ ጠብመንጃም ያያል። ብረት ሲይዝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ምነው አያ ጓንጉል፣ ሕፃን ታቅፈው የመጡ ይመስላሉ» አለ።

«መቀርቀሪያው አልከፈትም አለኝ። ጥፍሩን ጠይቅ ይለኛል። ጥፍሩ የቱ ነው?»

ጫኔ አልሳቀም፤ ጳጉሜ መሆኑን ያውቃል። ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጆሮውን አስጠጋ። «ጥፍሩማ እዚህ ነው፣ ከመቀርቀሪያው ጫፍ ላይ። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ባዶ ቀለሃው ውስጥ ይቀራል አይደል? ያንን ነክሶ ጎትቶ የሚያወጣው እሱ ነው» አለ።

«አልጎትትም» አለ ጥፍሩ ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ። «እኔ ምን አደረግሁ? ነክሼ ይዣለሁ። ቀለሃው አልወጣም አለ።»

ጫኔ ቀና አለ። «ቀለሃ? ቀለሃ አለበት እንዴ? መቼ ነው የተኮሱት?»

«አምና ጳጉሜ።»

«ቀለሃውንስ ያኔውኑ አላወጡትም?»

«ምን ያስቸኩለኛል? ዘንድሮ ስተኩስ አወጣዋለሁ ብዬ ነዋ።»

«ዓመት ሙሉ አስረግዘውታል እኮ» አለ ጫኔ፣ እያዘነም እየሳቀም።

«አልወጣም» አለ ቀለሃው። «እኔ ምን አደረግሁ? እኔስ መውጣቱን መች ጠላሁ? እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አቅፎ ይዞኛል።»

እንግዲህ ተመልከቱ። እንጉዳይ ማዶ ትጠብቃለች። ጠብመንጃው አልጮኽም አለ። መቀርቀሪያው አልከፈትም አለ። ጥፍሩ አልጎትትም አለ። ቀለሃው አልወጣም አለ። ቀኑም እየሄደ ነው፤ ፀሐይ ከጉሙ በላይ የት ላይ እንዳለች ባይታይም መሄዷን አልተወችም።

ጫኔ አንድ ቀጭን ሽቦ አምጥቶ በአፈሙዙ አስገባና እስከ ታች አወረደው። ሲያወጣው ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር ተጣብቆ ወጣ። አሸተተው። ደግሞ አሸተተው። አያ ጓንጉልን አየው።

«ይሄ የጠብመንጃ ዘይት አይደለም። ምንድን ነው የቀቡት?»

አያ ጓንጉል ጋቢውን አስተካከለ። «ቅቤ ነው» አለ።

«ቅቤ?»

«የፋሲካ ዕለት። ሚስቴ በነበረችበት ጊዜ ጾም ሲፈታ እኔ ራሷን እቀባታለሁ፣ እሷም ራሴን ትቀባኛለች። ዘንድሮ ቅቤውን አንጥሬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ብቻዬን መቀባቱ ከፋኝ። ዞር ስል እሱ ግድግዳው ላይ አለ። ድርሻውን በአፈሙዙ አንቆረቆርኩለት።»

ጫኔ ሊስቅ ነበር፣ ግን የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። «ደግ አደረጉ። ለሱ ግን አልተስማማውም» አለ።

«አልቀልጥም» አለ ቅቤው፣ ወፍራምና እንቅልፋም ድምፅ ነበረው። «እኔ ምን አደረግሁ? ቀዝቅዤ ደርቄ ቀርቻለሁ። የፈላ ውሃ መጥቶልኝ ያልቀለጥኩ እንደሆነ ያኔ ውቀሱኝ።»

«እውነቱን ነው» አለ ጫኔ። «በመዶሻ ብመታው ጥፍሩ ይሰበራል። እሳት ላይ ብጥለው ብረቱ ይበላሻል። ሦስት ማሰሮ ሙሉ የፈላ ውሃ በአፈሙዙ ይውረድበት፣ ደጋግሞ። ያኔ እኔ በዘንግ ከላይ ቆርቆር አደርገዋለሁ፣ ይወጣል። እኔ ጋ እንዳላፈላልዎ ከሰሌ አልቋል፤ ወናፌንም ሰቅያለሁ። ቤትዎ ሄደው ማሰሮውን ይጣዱ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ እደርሳለሁ።»

አያ ጓንጉል ጠብመንጃውን አቅፎ ዳገቱን ወጣ። ምድጃው ላይ ማሰሮውን ጣደ፣ ውሃ ሞላበት፣ እንጨት ከሥሩ ሰገሰገ፣ ፍሙን አራግቦ እፍ አለበት። ጭስ ብቻ ሆነ። ቆየ። ጣቱን ውሃው ውስጥ ከተተ። ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው።

«አልፈላም» አለ ውሃው። «እኔ ምን አደረግሁ? እንጨቱ አልነድም አለ።»

«አልነድም» አለ እንጨቱ፣ ከጫፉ ውሃ እያንጠባጠበ። «እኔ ምን አደረግሁ? ክረምቱን ሙሉ ከሚያፈስ ጣራ ሥር አስቀምጠኸኝ ዝናብ ስጠጣ ከረምኩ። እፍ እፍ እያልክ አትድከም። ደረቅ እንጨት ከፈለግህ ያለው ጎረቤትህ አንጓች ቆጥ ላይ ነው።»

አንጓች የተባለ ጊዜ አያ ጓንጉል እፍ ማለቱን ተወ። እዚያው ጭሱ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ዓይኑ ከጭሱ ይሁን ከድካሙ ተከደነ። ገደሉ ላይ የሚሄድ መሰለው፤ ጉሙ ከእግሩ በታች እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ይሸከመዋል። ማዶ ደረሰ። እንጉዳይ አመድ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «እኔ እኮ አለሁ» አላት። አትሰማም። «እንጉዳይ፣ እኔ ነኝ» አላት። ጆሮዋን ወደ ገደሉ አድርጋ ሌላ ድምፅ ትጠብቃለች። እጇን ሊይዝ ሲል እጁ ባዶ ሆነበትና ባነነ። በበሩ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሆኗል። ከሰዓት በኋላው ተጋምሷል።

ብድግ አለ። እንጉዳይ ማዶ ትጠብቃለች። ጠብመንጃው አልጮኽም አለ። መቀርቀሪያው አልከፈትም አለ። ጥፍሩ አልጎትትም አለ። ቀለሃው አልወጣም አለ። ቅቤው አልቀልጥም አለ። ውሃው አልፈላም አለ። እንጨቱ አልነድም አለ። የቀረው የአንጓች ቤት ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራውም እሱ ነው።

አንጓች በሦስተኛው ቤት የምትኖር፣ ዕድሜዋ ከሱ ትንሽ የሚያንስ፣ ባሏ ቀደም ብሎ የሞተባት ሴት ናት። ጠንካራ ናት። እንጨቷን በግንቦት ፈልጣ፣ አድርቃ፣ ቆጥ ላይ ደርድራ ክረምትን የምትጠብቅ እሷ ብቻ ናት። አያ ጓንጉል በሯ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እት አንጓች፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ ከመደቧ ሳትነሳ። ግባ አላለችውም።

«ትንሽ ደረቅ እንጨት ፈልጌ ነበር። ውሃ ላፈላ።»

«አልሰጥም» አለች። «እኔ ምን አደረግሁ? ራስህን ጠይቅ።»

«ሚስትህ የሞተች ጊዜ ሰባት ቀን ሙሉ ከቤትህ አልጠፋሁም» አለች አንጓች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ንፍሮ ቀቅያለሁ፣ ውሃ ቀድቻለሁ፣ አብሬህ አልቅሻለሁ። ሐምሌ ላይ የወንድሜ የታደገ መርዶ መጣ። ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው። ጫኔ መጣ። ከላይ መንደር ሰው በዝናብ መጣ። አንተ በዚያ በአጥሬ ሥር በሬህን እየነዳህ አለፍክ። አየሁህ። እግዜር ያጥናሽ የምትልበት አፍ አልነበረህም?»

እንግዲህ ሁሉም እርስ በርሱ እያሳበበ የመጣው ነገር እዚህ ደረሰ። እንጉዳይ ማዶ ትጠብቃለች። ጠብመንጃው አልጮኽም አለ። መቀርቀሪያው አልከፈትም አለ። ጥፍሩ አልጎትትም አለ። ቀለሃው አልወጣም አለ። ቅቤው አልቀልጥም አለ። ውሃው አልፈላም አለ። እንጨቱ አልነድም አለ። አንጓች አልሰጥም አለች። አያ ጓንጉልም በተራው፣ እኔ ምን አደረግሁ ሊል አፉን ከፈተ። እግሬን አሞኝ ነበር ሊል ነበር። በሬው ታሞ ነበር ሊል ነበር። ቃሉ ግን አልወጣም አለ። የሚያመካኝበት ሰውም ነገርም አልቀረውም።

«ፈራሁ» አለ።

«ምን ፈራህ?»

«እህት ወንድሟን ስታለቅስ መስማት ፈራሁ። ለቅሶሽ በግድግዳው ሲመጣ የእንጉዳይ ድምፅ መሰለኝ። እኔ ሞቼ እሷ የምታለቅስ መሰለኝ። በሬውን ይዤ ወደ ውሃ የወረድኩት እንዳልሰማ ብዬ ነው። ጠምቶት አልነበረም። አሳፈርኩሽ፣ እኔም አፍሬያለሁ። ይቅር በይኝ።»

አያ ጓንጉል እንጨቱን ደግሞ አልጠየቀም። ገባና ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ እየሄደች መሆኑን ያውቃል፣ ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚቀመጥ ጋቢውን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናሽ» አለ። «ስለ ታደገ ንገሪኝ።»

አንጓች ቀስ እያለች ጀመረች። ታደገ ታናሿ ነው። ሕፃን ሆኖ ያለሷ ጀርባ አይተኛም ነበር። ሲያድግ ሲያድግ ረጅም ሆነና በዚህ በር ሲገባ ሁልጊዜ ግንባሩን ይመታ ነበር፤ ሁልጊዜ፣ አንድ ቀንም አይማርም። ወደ ቆላ የሄደ ጠዋትም መታው። እሷም አያ ጓንጉልም ሳቁ። የት እንደተቀበረ እንኳ የነገራት የለም። አንጓች እዚህ ላይ ስትደርስ አለቀሰች፣ አያ ጓንጉልም አለቀሰ። ለታደገ አለቀሰ፣ ለሚስቱ አለቀሰ፣ ማዶ ላለችውም አለቀሰ። በበሩ የሚገባው ብርሃን ከቢጫ ወደ ቀይ ሄደ።

አንጓች ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ወደ ውጭ አየች። «ዛሬ ጳጉሜ አምስት አይደለም እንዴ?» አለች። «አልተኮስክም እኮ።»

«አልተኮስኩም።»

«አንተ ሰው፣ ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ተነስ። ያዝ እንጨቱን» ብላ ቆጡ ላይ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ቶሎ ነው የምነግራችሁ፣ እነሱም ቶሎ ቶሎ ነው ያደረጉት። አንጓች ሰጠች፣ እንጨቱንም አብረው ወደ አያ ጓንጉል ምድጃ ተሸከሙት። እንጨቱ ነደደ። ውሃው ፈላ። ጫኔ ዘንጉን ይዞ ደርሶ ስለነበር ጠብመንጃውን ወደ ላይ አቁሞ ያዘ፣ እሷ በአፈሙዙ አንቆረቆረች። የመጀመሪያው ማሰሮ ወረደ፣ ምንም የለም። ሁለተኛው ወረደ፣ ከሥር ቢጫ ነገር ጠብ ጠብ አለ። ሦስተኛው ሲወርድ ቤቱ ሁሉ ፋሲካ ፋሲካ ሸተተ። ቅቤው ቀለጠ። ጫኔ ዘንጉን በአፈሙዙ አውርዶ ቆርቆር አደረገ፣ ቀለሃው ላላ። አያ ጓንጉል የመቀርቀሪያውን እጀታ ይዞ ሳበ፣ ጥፍሩ ጎተተ። መቀርቀሪያው ተከፈተ። የአምናው ቀለሃ ጥቁር ሆኖ ምድጃው አጠገብ ወደቀ።

ጫኔ ውስጡን በጨርቅ ደጋግሞ አደረቀው፣ የዘይት ጠብታ አደረገለት። ሦስቱም ወደ ገደሉ አፍ ሄዱ። ፀሐይ የጉሙን ባሕር ነክታለች፣ ጉሙ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። አያ ጓንጉል ጥይት አጎረሰ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አደረገ፣ ምላጩን ሳበ። ጠብመንጃው ጮኸ።

ድምፁ ጉሙ ላይ እየተንከባለለ ሄደ። ማንም አልተናገረም፣ ብረቱም፣ ውሃውም፣ እንጨቱም። አያ ጓንጉል ማዶውን እያየ ቆመ። ብዙ ከቆየ በኋላ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ነጥብ ታየች። አደገች። እንጉዳይ ሰማች።

አያ ጓንጉል በጠብመንጃው ተደገፈ። «አለች» አለ።

አንጓች እሳቲቱን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሌላ ጥይት አለህ?» አለች።

«አንድ አለ።»

«ለታደገ ተኩስልኝ።»

አያ ጓንጉል ማዶውን አየ። እንጉዳይ የምታውቀው አንድ ድምፅ ነው፤ ሁለት ብትሰማ ምን ትል ይሆን ብሎ አሰበ። አሰበና ተወው። መቀርቀሪያውን ሳበ፣ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፣ ባዶው ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ተኮሰ። ድምፁ እንደ በፊተኛው በጉሙ ላይ እየተንከባለለ ሄደ። ቆሙ። ፀሐይ ጠለቀች።

ማዶ፣ ከመጀመሪያዋ እሳት ጎን፣ ሁለተኛ እሳት ተነሣች።

አንጓች እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። አያ ጓንጉልም አጠገቧ ተቀመጠ። ጫኔ ጠብመንጃውን ከእጁ ተቀብሎ መቀርቀሪያውን ከፈተ፣ ባዶውን ቀለሃ አውጥቶ የአንጓችን መዳፍ ዘረጋና እዚያ ላይ አኖረላት። ገና ትኩስ ነበር።